በመተግበሪያ በሚጠራ ታክሲ አደጋ ጉዳት የደረሰበት ሰው ካሣ የሚጠይቅበት ሥርዓት

በስልክ መተግበሪያ ወይም በአጭር የስልክ ቁጥር የሚጠራ፣ በተለምዶ «ራይድ» የሚባል የታክሲ አገልግሎት በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በስፋት ጥቅም ላይ ውሏል። በዚህ አገልግሎት ላይ ያለ ተሽከርካሪ አደጋ ሲያደርስ ጉዳት የደረሰበት ተሳፋሪ፣ እግረኛ ወይም የሌላ ተሽከርካሪ ተጠቃሚ ካሣ የመጠየቅ መብት አለው። ይሁን እንጂ ብዙ ተጎጂዎች ማስረጃ ባለመያዝ፣ ጉዳታቸው ሳይታወቅ የእርቅ ሰነድ በመፈረም ወይም የክስ ጊዜ በማሳለፍ መብታቸውን ያጣሉ። ይህ መረጃ ተጎጂዎችና ቤተሰቦቻቸው መብታቸውን እንዲያስከብሩ ለመርዳት የተዘጋጀ ነው።

1. ካሣ የመክፈል ኃላፊነት ያለበት ማን ነው?

ሀ) የተሽከርካሪው ባለንብረት፦ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 እንደደነገገው የተሽከርካሪ ባለንብረት ተሽከርካሪው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። ባለንብረቱ ራሱ ባያሽከረክርም፣ ጥፋት ባይኖርበትም ከኃላፊነት አይድንም። ኃላፊነቱ የሚቀርለት ወይም የሚቀነስለት ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በተጎጂው ጥፋት የደረሰ እንደሆነ ነው። ይህ ድንጋጌ በተለይ እግረኞችንና በሌላ ተሽከርካሪ ውስጥ የነበሩ ሰዎችን ይመለከታል።

ለ) አጓጓዡ፦ ሒሳብ ከፍሎ የተሳፈረ ሰው ከአጓጓዡ ጋር የማጓጓዝ ውል አለው። በመሆኑም ጥያቄው በዋናነት የሚታየው በ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ስለ ሰዎች ማጓጓዝ በተደነገገው መሠረት ነው። ሕጉ አጓጓዡ ለተሳፋሪው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ የኃላፊነቱን መጠን የሚወስን ድንጋጌም ስላለው ተጎጂው ክስ ከማቅረቡ በፊት የሕግ ምክር ቢያገኝ ይጠቀማል።

ሐ) አሽከርካሪው፦ አደጋው በአሽከርካሪው ጥፋት የደረሰ ከሆነ አሽከርካሪው በግሉም ይጠየቃል።

መ) የሌላው ተሽከርካሪ ባለንብረት፦ ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ፣ አደጋው በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንደኛው አሽከርካሪ ጥፋት መድረሱ ካልተረጋገጠ በስተቀር፣ ሁለቱም ለአደጋው እኩል ምክንያት እንደሆኑ ይገመታል (አንቀጽ 2084)። ስለዚህ ተሳፋሪው ጥያቄውን የተሳፈረበትን ተሽከርካሪ በሚመለከተው ወገን ላይ ብቻ መወሰን የለበትም።

2. በአደጋው ዕለት መደረግ ያለበት

• ሕክምና ማግኘት ይቀድማል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ ፖሊስ በ991፣ በአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ሥራ አመራር በ939 ይጠራሉ።
• የትራፊክ ፖሊስ ቦታው ላይ ደርሶ የአደጋውን ንድፍ ሳያነሳ ተሽከርካሪዎቹ እንዳይነሱ ማድረግ ይገባል። ተጎጂዎችን ለማዳን ማንሳት የግድ ከሆነ አስቀድሞ ፎቶግራፍ ማንሳት ይጠቅማል።
• የሰሌዳ ቁጥሩን ከነኮዱ፣ የአሽከርካሪውንና የባለንብረቱን ስም እንዲሁም በመስታወቱ ላይ ያለውን የሦስተኛ ወገን መድን ምልክት መመዝገብ ያስፈልጋል።
• በመተግበሪያው ላይ ያለው የጉዞ መዝገብ፣ የተላከ አጭር መልእክትና የክፍያ ማረጋገጫ መጥፋት የለባቸውም። ተጎጂው በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ተሽከርካሪ፣ በክፍያ መሳፈሩን የሚያስረዱ ናቸው። ጉዞው ከመተግበሪያው ውጭ በቃል ስምምነት የተደረገ ከሆነ ይህ ማስረጃ ስለማይኖር የምስክሮች ስምና ስልክ ቁጥር ይበልጥ አስፈላጊ ይሆናል።

3. ከመድን የሚገኝ ካሣ

በተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖረው በመንገድ ላይ መንቀሳቀስ አይችልም። አዋጁ ሲወጣ ለሞት ወይም ለአካል ጉዳት የሚከፈለው ካሣ በአንድ ሰው እስከ 40,000 ብር፣ የአስቸኳይ ሕክምና ወጪ ደግሞ እስከ 2,000 ብር እንዲሆን ተወስኗል። መጠኑ ሊሻሻል የሚችል በመሆኑ ተጎጂው በአደጋው ዕለት በሥራ ላይ የነበረውን ጣሪያ ከመድን ድርጅቱ ማረጋገጥ አለበት።

አደጋ ያደረሰው ተሽከርካሪ ተሰውሮ ካልታወቀ ወይም መድን ያልተገባለት ከሆነ ተጎጂው በአዋጁ ለተቋቋመው የመድን ፈንድ ማመልከት ይችላል። ተሳፋሪ የነበረ ተጎጂ ደግሞ ባለንብረቱ ተጨማሪ የተሳፋሪ መድን መግባቱን መጠየቅ ይኖርበታል።

የመድኑ ጣሪያ የተጎጂው መብት ጣሪያ አይደለም። ጉዳቱ መድን ድርጅቱ ከሚከፍለው በላይ ከሆነ ቀሪውን በሕግ ኃላፊ ከሆነው ወገን መጠየቅ ይቻላል።

4. የትኞቹ ጉዳቶች ይካሣሉ?

• የሕክምና፣ የመድኃኒትና የመጓጓዣ ወጪ፤
• ከሥራ በመቅረት የታጣ ገቢ፤
• በዘላቂ የአካል ጉዳት ምክንያት ወደፊት የሚቀር ገቢ፤
• የሕሊና ጉዳት ካሣ፤ መጠኑ በፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2116 መሠረት ከ1,000 ብር አይበልጥም።

ተጎጂው የሞተ እንደሆነ የትዳር ጓደኛው፣ ወላጆቹና ልጆቹ በቀረባቸው መተዳደሪያ ምክንያት ካሣ መጠየቅ ይችላሉ። የጉዳቱን ልክ በትክክል ማስረዳት ያልተቻለ ሲሆን ፍርድ ቤት በርትዕ ሊወስን ይችላል (አንቀጽ 2102)። ደመወዝ የሌላቸው፣ ለምሳሌ በግል ሥራ ወይም በቀን ሥራ የሚተዳደሩ ሰዎችም የገቢ ማስረጃ የለንም በሚል ጥያቄያቸውን መተው የለባቸውም።

5. የእርቅ ስምምነት ከመፈረም በፊት

ከአደጋ በኋላ ሽማግሌዎች ገብተው ተጎጂውንና ባለንብረቱን ማስታረቃቸው የተለመደና የሚደገፍ ነው። ሆኖም «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» የሚል ቃል ያለበት የግልግል ስምምነት በተዋዋዮች መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል (አንቀጽ 3312)። በአደጋው ሰሞን ቀላል የመሰለ የአጥንት ወይም የጭንቅላት ጉዳት ከወራት በኋላ ዘላቂ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ፦

• ሕክምናው ሳይጠናቀቅና የሐኪሞች ቦርድ የጉዳቱን መጠን በመቶኛ ሳይወስን የመጨረሻ ስምምነት አለመፈረም፤
• ለአስቸኳይ ሕክምና ገንዘብ የሚሰጥ ከሆነ በደረሰኙ ላይ «ለሕክምና ወጪ በከፊል የተከፈለ» መሆኑን ማስፈር፤
• ያልተረዱትን ሰነድ ሳያስነብቡ አለመፈረም ያስፈልጋል።

6. ክስ የሚቀርብበት ቦታና ጊዜ

ከውል ውጭ በሆነ ኃላፊነት ላይ የተመሠረተ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ድርጊቱ ረዘም ያለ ይርጋ ያለው ወንጀል ከሆነ ያ ጊዜ ይሠራል (አንቀጽ 2143)። ከባለንብረቱ ወይም ከመድን ድርጅቱ ጋር የሚደረግ ድርድር ብቻውን የይርጋውን ጊዜ እንደማያቋርጥ መገንዘብ ይገባል። ክሱ አደጋው በደረሰበት ወይም ተከሳሹ በሚኖርበት ቦታ ላለ ፍርድ ቤት ይቀርባል።

አሽከርካሪው በወንጀል ተከሶ ነፃ መለቀቁ የካሣ ጥያቄውን አያስቀርም፤ የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት በዚያ ውሳኔ አይገደድም (አንቀጽ 2149)። የዳኝነት ክፍያ ለመክፈል አቅም የሌለው ተጎጂ በድሃ ደንብ ክስ ለማቅረብ እንዲፈቀድለት ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላል። በዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ድጋፍ ማዕከላትም ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል።

7. ከማመልከቻው ጋር የሚያያዙ ሰነዶች

• የትራፊክ ፖሊስ የአደጋ ሪፖርትና ንድፍ፤
• የሕክምና ማስረጃና የሐኪሞች ቦርድ ውሳኔ፤
• የወጪ ደረሰኞች፤
• የገቢ ማስረጃ ወይም የምስክሮች ዝርዝር፤
• የጉዞና የክፍያ መዝገብ፤
• የተጎጂው መታወቂያ፤ ተጎጂው በሕይወት ከሌለ የሞትና የቤተሰብነት ማስረጃ።

ተጎጂው ዋና ሰነዶቹን በእጁ ይዞ ቅጂዎቹን ብቻ ማስረከብ፣ ማመልከቻውን ሲያስገባም የደረሰበትን ቀን የሚያሳይ ማኅተም ወይም ፊርማ በራሱ ቅጂ ላይ ማስደረግ ይኖርበታል።