የአየር መንገደኛ የስም መዝገብ፤ ከወንበር ቆጠራ እስከ ድንበር ቁጥጥር

አንድ መንገደኛ የአውሮፕላን ጉዞ ባስያዘ ቁጥር አየር መንገዱ የሚከፍትለት ማኅደር በሙያው ቋንቋ «የመንገደኛ ስም መዝገብ»፣ በምሕጻሩም ፒ.ኤን.አር. ይባላል። ስሙን፣ መነሻና መድረሻውን፣ ስልኩን፣ የከፈለበትን መንገድ፣ አብሮት የሚጓዘውን ሰውና የጠየቀውን ልዩ አገልግሎት በአንድነት የሚይዘው ይህ መዝገብ ዛሬ ለብዙ መንግሥታት ዋና የድንበር መቆጣጠሪያ መሣሪያ ይሁን እንጂ፣ የተወለደው በአየር መንገዶች የሽያጭ ክፍል ውስጥ፣ ደንበኛን በስሙ አውቆ በቅጡ ለማስተናገድ ከነበረ ፍላጎት ነው። ለመስተንግዶ ተብሎ የተሰጠ መረጃ ከመስተንግዶው አልፎ ለሌላ ጉዳይ የዋለበት ሂደት ከሰባ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ሲሆን፣ እያንዳንዱ እርምጃ በጊዜው በቂ ምክንያት ያለው ይመስል ስለነበር መንገደኛው መዝገቡ ሲሰፋ አላስተዋለም።

በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ (ሌላ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካን ኤርላይንስ ቦታ የሚያስይዘው በወረቀት ካርዶች ነበር፤ ሠራተኞቹ በሚሽከረከር የካርድ ማስቀመጫ ዙሪያ ተቀምጠው የበረራውን ካርድ ያወጣሉ፣ ምልክት ያደርጉበታል፣ መልሰው ይከቱታል። ኩባንያው በ1946 «ሪዘርቫይዘር» የተባለ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ቢያስገባም፣ መሣሪያው የቀሩትን ወንበሮች ከመቁጠር በቀር ወንበሩን የያዘው ማን እንደሆነ አያውቅም ነበርና የመንገደኛው ስም በሌላ ወረቀት ላይ ለብቻው ይቀመጥ ነበር፤ አንድን ጉዞ አስይዞ ለመጨረስም በአማካይ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅ ነበር። በ1953 የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሲ. አር. ስሚዝ እና የአይ.ቢ.ኤም. የሽያጭ ሠራተኛ የነበረው ብሌር ስሚዝ ከሎስ አንጀለስ ወደ ኒው ዮርክ በሚበር አውሮፕላን ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው የጀመሩት ወሬ ወደ ሥራ ውል አድጎ «ሴበር» የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት አስገኘ። ሥርዓቱ በኒው ዮርክ ግዛት በብራያርክሊፍ ማነር በ1960 ተተክሎ በ1964 የኩባንያውን የቦታ ማስያዝ ሥራ ጠቅልሎ ያዘ። ስለ ሴበር ሲወሳ ፍጥነቱ ጎልቶ ቢነገርም፣ ለዚህ ታሪክ የሚበልጠው ቁም ነገር ስምንና ወንበርን በአንድ መዝገብ ማሰሩ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ወንበሩ የሚታወቀው ከነባለቤቱ ሆነ።

ስሙ ከገባ በኋላ ሌላው ተከተለ። አየር መንገዶች የመንገደኛን ልዩ ፍላጎት እርስ በርስ የሚነጋገሩበት የአራት ፊደል ኮድ ስላላቸው፣ ተሽከርካሪ ወንበር የሚፈልግ አረጋዊ፣ ብቻውን የሚጓዝ ሕፃን ወይም የስኳር ሕመምተኛ የሚበላው ምግብ እያንዳንዱ የየራሱ ምልክት አለው። በመዝገቡ ላይ «ኤም.ኦ.ኤም.ኤል.» ተብሎ ከተጻፈ መንገደኛው የሙስሊም ምግብ ጠይቋል ማለት ነው፤ «ኬ.ኤስ.ኤም.ኤል.» ከሆነ በአይሁድ ሥርዓት የተዘጋጀ ምግብ፣ «ዲ.ቢ.ኤም.ኤል.» ከሆነ ደግሞ ለስኳር ሕመምተኛ የሚሆን ምግብ ነው። እነዚህ ፊደላት የተፈለጉት ለአውሮፕላኑ ወጥ ቤት ብቻ ነበር፤ መዝገቡ ግን የሰውን እምነትና ጤና አብሮ ይዞ ቀረ። ጥያቄው ከመንገደኛው ከራሱ ስለሚመጣና የሚጠቅመውም እርሱን ስለሆነ ምስጢሩን አሳልፎ እየሰጠ እንደሆነ አይሰማውም፤ የዚህ መዝገብ አስቸጋሪነትም ከሁሉ ይልቅ እዚህ ላይ ነው።

የአሜሪካ መንግሥት በ1978 የአየር መንገዶችን ዋጋና መሥመር መወሰኑን በሕግ ሲተው ኩባንያዎቹ ደንበኛን ለመያዝ የሚያደርጉት ፉክክር ከረረ። አሜሪካን ኤርላይንስ በግንቦት 1981 «አድቫንቴጅ» የተባለውን የተመላላሽ መንገደኞች የሽልማት መርሐ ግብር ሲያቋቁም፣ ደጋግመው የሚጓዙትን ሰዎች ለይቶ ያወቃቸው በሴበር ውስጥ ተደጋግመው የሚገኙ የስልክ ቁጥሮችን በመፈለግ ነበር። መንገደኛው ቁጥሩን የሰጠው በረራው ቢዘገይ ወይም ቢሰረዝ እንዲነገረው ነው፤ ያው ቁጥር የታማኝነቱ መለኪያ ሆነ። ማንም አልተጎዳም፣ እንዲያውም ብዙዎች በነፃ ተጓዙ፤ ሆኖም መረጃ ከተሰጠበት ዓላማ ውጭ ሊሠራበት እንደሚችል፣ ባለቤቱንም መጠየቅ እንደማያስፈልግ ያኔ ተለመደ።

የቦታ ማስያዣው ሥርዓት ወደ ጉዞ ወኪሎች ቢሮ ሲገባ፣ በ1987ም አራት የአውሮፓ አየር መንገዶች «አማዴውስ» የተባለውን የጋራ ድርጅት ሲያቋቁሙ፣ መዝገቡ ከአንድ ኩባንያ ግድግዳ ወጥቶ አገር ተሻጋሪ ሆነ። ከመስከረም 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ ደግሞ አሜሪካ በዚያው ዓመት ኅዳር ባወጣችው ሕግ ወደ ግዛቷ የሚበሩ አየር መንገዶች ሁሉ መዝገባቸውን ለጉምሩክ ባለሥልጣኖቿ እንዲከፍቱ አስገደደች። በ2003 ጄትብሉ የተባለው አየር መንገድ አምስት ሚሊዮን ያህል የጉዞ መዝገቦችን ለአንድ የመከላከያ ሥራ ተቋራጭ መስጠቱ ሲታወቅ፣ ተቋራጩም ከመረጃ ነጋዴ በገዛው የግል መረጃ መዝገቡን አዳብሮት ስለነበር፣ ኩባንያው የራሱን የምስጢር ጥበቃ ቃል ማፍረሱን አምኖ ይቅርታ ጠየቀ። የአውሮፓ ኅብረት ከአሜሪካ ጋር በ2004 ያደረገው ስምምነት ሠላሳ አራት ዓይነት መረጃዎችን የሚያስተላልፍ ሲሆን፣ የኅብረቱ ፍርድ ቤት በግንቦት 2006 ሻረው፤ ይሁን እንጂ የሻረው ስምምነቱ የቆመበት የሕግ መሠረት ትክክል ስላልነበረ እንጂ የመንገደኛው መብት ተነክቷል ብሎ ስላልነበረ፣ በሌላ መሠረት ላይ የቆመ ስምምነት ብዙም ሳይቆይ ተተካ። ፍርድ ቤቱ ወደ ጉዳዩ ልብ የገባው በሐምሌ 2017 ከካናዳ ጋር የታሰበውን ስምምነት በመረመረ ጊዜ ነው፤ የመንገደኛን እምነትና ጤና የመሰለ መረጃ ሊተላለፍ የሚችልበት ስምምነት በዚያ መልኩ ሊጸድቅ አይገባም አለ። ኅብረቱ ራሱ ግን በ2016 ባወጣው መመሪያ አባል አገሮቹ መዝገቡን ሰብስበው ለአምስት ዓመት እንዲያቆዩ ደንግጎ ነበር።

የንግዱም ወገን አልቆመም። ብሪቲሽ ኤርዌይስ በ2012 «ኖው ሚ» በሚል ስም ባስተዋወቀው አሠራር ሠራተኞቹ በእጃቸው በያዙት ታብሌት የደንበኛውን የቀድሞ ጉዞዎች እያዩ እንዲያነጋግሩት፣ ፎቶግራፉንም ከጉግል ፈልገው ገና ሲመጣ እንዲለዩት ታስቦ ስለነበር፣ ለግል ምስጢር የሚከራከሩ ወገኖች አጥብቀው ተቃወሙት። በታኅሣሥ 2016 ደግሞ በርሊን ባለ የመረጃ ደኅንነት ተቋም የሚሠሩ ተመራማሪዎች በሃምቡርግ በተደረገ ጉባኤ ላይ እንዳሳዩት፣ መዝገቡን ለመክፈት የሚያስፈልገው የቤተሰብ ስምና ባለ ስድስት ፊደል የማስያዣ ኮድ ብቻ ነው፤ ሁለቱም በሻንጣው መለያ ወረቀት ላይ ታትመው ለማንም ይታያሉ። መንግሥታት በስምምነት፣ ነጋዴዎች በውል የሚቀባበሉት ማኅደር ቁልፉ ሻንጣ ላይ ተንጠልጥሎ መሄዱ፣ ሥርዓቱ ሲነደፍ የመንገደኛው ምስጢር እንዳልታሰበበት ያረጋግጣል።

ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ወይም ወደ ፍራንክፈርት የሚበር መንገደኛ መዝገብም ለተቀባዩ አገር መንግሥት አስቀድሞ ይተላለፋል። ኢትዮጵያ በራሷ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. ያወጣችው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ ከተሰበሰበበት ዓላማ ውጭ እንዳይውል የሚከለክል ሲሆን፣ አፈጻጸሙን እንዲከታተል ኃላፊነት የተሰጠው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ባለሥልጣኑ ሥራውን ከየት ይጀምር ቢባል፣ የዜጎች እምነት፣ ሕመምና ቤተ ዘመድ በአንድ ላይ ተመዝግበው ከአገር የሚወጡበት ይህ መዝገብ ከፊተኞቹ ተርታ ሊቀመጥ ይገባዋል።