የፍራንክሊን ድብቅ ውልና የተማሪዬ ሁለት ዓመት

ወዳጆቼ፣ ባለፈው እሑድ አንድ የድሮ ተማሪዬ ከአሜሪካ ደወለልኝ። ፓይለት ሆኗል። ታሪክ ሳስተምረው ዓይኑ ሁልጊዜ መስኮት ላይ ነበር፤ ለካ ሰማዩን ነው የሚያየው! የደወለው ግን ሊያማክረኝ ነው። የቀጠረው ትንሽ አየር መንገድ ሥልጠና ሳይጀምር አንድ ወረቀት ፈርም ብሎታል፦ ሁለት ዓመት ሳትሞላ ከለቀቅህ የሥልጠናውን ወጪ ትከፍላለህ። «ቲቸር፣ እንዲህ ያለ ነገር ድሮም ነበር እንዴ?» አለኝ።

ነበር እንጂ። በ1718 (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ቦስተን ውስጥ አንድ የ12 ዓመት ልጅ የማተሚያ ቤት ላለው ታላቅ ወንድሙ ለጄምስ ፈርሞ ገባ። ሙያውን ሊማር፣ በለውጡ 21 ዓመት እስኪሞላው ሊያገለግል። ልጁ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው። እንግሊዞች ያን ውል «ኢንደንቸር» ይሉታል፤ የቃሉ ሥር ጥርስ ነው። ድሮ ውሉ አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ጊዜ ይጻፍና መሃሉ እንደ መጋዝ ጥርስ ይቆረጣል፤ ግማሹ ለጌታው፣ ግማሹ ለተለማማጁ። ክርክር ሲነሳ ጥርሶቹ ከገጠሙ ውሉ እውነተኛ ነው።

ጄምስ ጋዜጣ ነበረው። ባለሥልጣኖቹን አስቀየመና እንዳያትም ተከለከለ። ምን አደረገ? ጋዜጣውን በታናሹ ስም አወጣው። ለዚህ ልጁ ነፃ መምሰል ስላለበት የድሮውን ውል ጀርባው ላይ «ተለቋል» ብሎ ጽፎ መለሰለት፤ ለቀሪው ዘመን ግን በድብቅ ሌላ አስፈረመው። በ1723 ሲጣሉ ቤንጃሚን ጥሎት ወጣ፤ ወንድሜ ድብቁን ወረቀት ደፍሮ አያወጣም ብሎ አስልቶ። ልክ ነበር፣ አላወጣውም። ግን ጄምስ የቦስተን አታሚዎችን አንድ በአንድ ዞሮ ሥራ እንዳይሰጡት አደረገ። ልጁ ኒውዮርክ ሄደ፣ እዚያም አልሆነም፣ ፊላደልፊያ ገባ። ልብ በሉ፣ ወረቀቱ ዳኛ ፊት ሳይቀርብ ከተማውን አስለቅቆታል።

ወደ አውሮፕላኑ ስንመጣ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለረጅም ጊዜ የአሜሪካ አየር መንገዶች ብዙ ፓይለት ያገኙት ከጦር ኃይሉ ነው፤ ዋናውን የሥልጠና ወጪ መንግሥት ችሎታል። ያ ምንጭ ሲቀንስ ወጪው ወደ ወጣቱ ኪስ ዞረ። በ1990ዎቹ አንዳንድ ትናንሽ አየር መንገዶች አዲስ ተቀጣሪውን የሥልጠናህን ክፈል ይሉት ነበር። በ2009 ቡፋሎ አጠገብ አንድ አውሮፕላን ወድቆ 50 ሰው ሞተ። ከዚያ በወጣው ሕግ መሠረት ከ2013 ጀምሮ ትልቅ አየር መንገድ ለመግባት ረዳት አብራሪውም በአብዛኛው 1,500 የበረራ ሰዓት ያስፈልገዋል። ወጣቱ ያን ሰዓት የሚሞላው ትናንሾቹ ዘንድ ነው፤ ሲሞላለት ይሄዳል። እነሱም አሠልጥነው በቀሩ ቁጥር ይከስራሉ። እውነት አላቸው፣ አልክድም።

ግን ተማሪዬ የሚያበረው ሴስና ካራቫን ነው። ለትልልቆቹ ጄቶች ለየዓይነቱ የተለየ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፓይለቱ ሥራ ቢለቅም ፈቃዱ የራሱ ነው፣ ይዞት ይሄዳል። ካራቫን ግን እዚያ አገር ይህን ፈቃድ አይጠይቅም። ስለዚህ ከዚህ ሥልጠና በፈቃዱ ላይ የሚጨመር ነገር የለም። ታዲያ ዕዳው የምን ዋጋ ነው?

እኛም አገር እኮ ውጭ ተልኮ የሚማር መምህር ዋስ ጠርቶ ይፈርማል። እኔ ራሴ ለባልደረባዬ ዋስ ገብቼ፣ እሱ እዚያው ቀርቶ፣ የክፈል ደብዳቤ የደረሰኝ ሰው ነኝ። (አሁን ይሳቃል፤ ያኔ አልሳቅሁም።)

የፓይለት ግን ይለያል። ክንፉ ላይ በረዶ ሲጋገር «አልነሳም» ማለት ያለበት ሰው ነው። ስለዚህ «ከመፈረምህ በፊት ጠይቃቸው» አልኩት። ዕዳው በየወሩ ይቀንሳል ወይስ በ23ኛው ወርም ሙሉው ነው? ወረቀቱ «ከለቀቀ» ብቻ ነው የሚለው ወይስ «ከተባረረም» ይላል? አልበርም ብሎ ቢባረርስ?

ሰኞ ዕለት በኢሜይል ልኮላቸዋል። እስከ ዛሬ መልስ የለም።