ትንቢት ሲከብድ

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2004 የአሜሪካ ሊግ ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ ሲመርጡ፣ መጀመሪያ የተጠራው የ14 ዓመቱ ፍሬዲ አዱ ነበር። ጋና ተወልዶ፣ እናቱ ዲቪ ደርሷቸው አሜሪካ የገባ ልጅ ነው። ናይኪ አስፈርሞታል፤ ከፔሌ ጋር ማስታወቂያ ሠርቷል። የአገሪቱ ኳስ ንጉሥ ይሆናል ተባለ።

በዚያው ምርጫ 8ኛ የተጠራውን የ20 ዓመቱን ክሊንት ዴምፕሲ ግን ብዙ ሰው ልብ አላለውም። ወላጆቹ ለልምምድ ከናኮግዶቺስ እስከ ዳላስ ሰዓታት እየነዱ ያመላለሱት የቴክሳስ ልጅ ነበር።

ውጤቱስ? አዱ ለብሔራዊ ቡድኑ 17 ጊዜ ተሰልፎ 2 ግብ አስቆጠረ፤ ከ2011 በኋላ ማሊያውን አልለበሰም። ዴምፕሲ በ57 ግቦች የላንደን ዶኖቫንን ክብረ ወሰን ተጋራ፤ በሦስት የዓለም ዋንጫዎችም አገባ።

ጥፋቱ የልጁ ብቻ አይደለም። ኮከብ የናፈቀው አገርና ተመልካች የሚፈልገው ሊግ ተስፋቸውን ሁሉ በአንድ ታዳጊ ትከሻ ላይ ጫኑ። በ14 ዓመት እኩዮችን መብለጥ፣ በ24 ዓመት አዋቂዎችን ለመብለጥ ዋስትና አይሆንም። ዴምፕሲ እየተሳሳተ የሚማርበት ጊዜ ነበረው፤ አዱ ግን ገና ሳይጀምር ፍጹም እንዲሆን ተጠበቀ።

ዛሬም «ቀጣዩ ኮከብ» የሚባል ታዳጊ በመጣ ቁጥር መጠየቅ ያለበት ችሎታው ብቻ አይደለም፤ ለመብሰል ስንት ዓመት እንደተፈቀደለትም ነው።