«የአንገት ሹራብ» እንበለው

የእስራኤሏ ናታኒያ በክረምት በረዶ አታውቅም፤ ከሜዲትራኒያን ባሕር የሚነሣው ነፋስ ግን ሌላውን የሰውነት ክፍል ሁሉ ትቶ አንገት አንገት ይላል። ባለፈው ሰሞን በሰፈራችን አንድ ግድግዳ ላይ የእጅ ሥራ ትምህርት ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። በዕብራይስጡ በኩል «ሐም ጻቫር» ይላል። በአማርኛው በኩል «ጌጠኛ ጠርዝ ያለው የአንገት ማሞቂያ ሽመና» ተብሎ ተጽፏል። አጠገቤ የቆሙ አንዲት እናት አማርኛውን ሁለት ጊዜ አነበቡና «ልጄ፣ ይኼ ነገር በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው?» አሉኝ።

«አይ እማማ፣ ሹራብ ነው። አንገት ላይ የሚጠለቅ።»

«ታዲያ ሹራብ አይሉም?»

ዕቃውን የማያውቀው የለም። ወታደር ልጆቻችን በካኪው ላይ የሚያጠልቁት፣ ሁለቱ ጫፎቹ የተገናኙ፣ በጭንቅላት ገብቶ አንገት ላይ የሚቀመጥ የሱፍ ክር ሥራ ነው። ለሴት ሲሆን ከላይ ወይም ከታች ስስ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ጌጥ ይዞርበታል። ችግሩ ስሙ ላይ ነው።

«ማሞቂያ» በሰዋስው በኩል ነቀፋ የለበትም። ከ«ሞቀ» ወጥቶ እንደ «መጥረጊያ» እና «መቆፈሪያ» የመሣሪያ ስም ሆኗል። ነገር ግን ቃልን የሚያሳድገው አፍ ነው፤ አፋችን ደግሞ «ማሞቂያ»ን ለውኃና ለቤት፣ ሶኬት ላይ ለሚሰካ ነገር ሰጥቶታል። ልብስ ሙቀትን ይይዛል እንጂ አያመነጭም። ጋቢ አራት እጥፍ ሆኖ በብርድ ሌሊት ገላን ሲያሞቅ ኖሯል፤ «የገላ ማሞቂያ» ያለው ሰው ግን የለም። እማማ የኤሌክትሪኩን ነገር መጠየቃቸው አማርኛቸው ጤነኛ ስለሆነ ነው።

«ሽመና» ግን ከዚህም የባሰ ነው። ሽመና ድርና ማግ ይፈልጋል፤ አንዱ ክር ቆሞ ሌላው ያቋርጠዋል። ሹራብ ድርም ማግም የለውም። አንድ ክር በራሱ ቀለበት ውስጥ እያለፈ፣ ቀለበት ቀለበትን እየያዘ የሚያድግ ሥራ ነው፤ ለዚህም ነው አንድ ጫፍ ሲሳብ ተተርትሮ የሚያልቀው። የቤተ እስራኤል አባቶች በጎንደር ምድር ከብረት ሥራ ጎን ለጎን በሽመና የኖሩ ናቸው። ለሸማኔ ልጆች የተጻፈ ማስታወቂያ ሽመናን ከሹራብ ሲያምታታ ዝም ማለት አልችልም።

ወጣቶቹ «ሐምጻቫሬን አምጪልኝ» ይላሉ። አልቆጣቸውም፤ ቃሉን በአማርኛ ባለቤትነት አስረው ነው የሚናገሩት። ግን አማርኛ የራሱ ቃል ሳያጣ ለምን ይበደራል?

«የአንገት ልብስ» የሚሉም አሉ። ይህ ስም ባለቤት አለው፤ ረጅሙ፣ ሁለት ጫፉ የሚንጠለጠለው፣ ከጣሊያንኛ ተቀብለን «ሻርፕ» የምንለውም እሱ ነው። «አንገትጌ» ውብ ቃል ነው፣ ብዙ ቀን አመላለስኩት። ግን አንገትጌ ከሸሚዝና ከኮት ጋር የተሰፋ ነው፤ ብቻውን አይቆምም። አንድ የተማረ ወዳጄ ደግሞ ከግዕዝ «ክሳድ» ተነሥቶ «ሙቀተ ክሳድ» አለኝ። ለመጽሐፍ ርዕስ ያምራል፤ በገበያ መካከል ለባለ ሱቅ «ሙቀተ ክሳድ አለህ?» የሚል ሰው ግን አይገኝም።

እኔ የምሟገተው ለ«የአንገት ሹራብ» ነው። መንገዱ ቀድሞ ተጠርጓል። ካልሲን «የእግር ሹራብ» ስንል ኖረናል፤ «የአንገት ሹራብ» የተባለ እንደሆነ ማንም ትርጉም አይጠይቅም። «ሹራብ ከዐረብኛ የመጣ ነው» የሚል ካለ፣ እውነት ነው። በግብፅና በሱዳን አፍ ቃሉ ካልሲ ማለት ነው። ዐረብኛው «ጀውረብ» ወደ ዕብራይስጥም ተሻግሯል፤ ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ ቋንቋውን ሲያድስ «ጌሬቭ» የሚለውን የካልሲ ስም ያወጣው ከዚያው ነው። ስለዚህ ናታኒያ ውስጥ አንዲት አያት ጌሬቭ አጥልቃ ሹራብ ስትደርብ፣ በሁለት ቋንቋ የለበሰችው አንድ ቃል ነው። ዕብራይስጥ ያላፈረበትን እኛ ለምን እናፍርበታለን?

ስለ ጠርዙም እንነጋገር። «ጌጠኛ ጠርዝ» ምንም አይነግርም፤ የጠረጴዛም ጠርዝ ያጌጣል። «ጥለት» እንዳይባል ጥለት ሸማኔው ከነጠላው ጋር አብሮ የሚያወጣው ቀለም ነው። «ጥልፍ» ባለቀ ጨርቅ ላይ በመርፌ ይጠለፋል። «ዘርፍ» ደግሞ ተንጠልጣይ ነው። እዚህ ያለው ግን በኪሮሽ የሚሠራ፣ ግማሽ ጨረቃ የመሰሉ ቅስቶች እየተያያዙ የሚዞሩበት፣ ከክሩ ይልቅ ክፍተቱ የሚያምርበት ሥራ ነው። ይህ በእናቶቻችን ቤት ስም አለው፦ ዳንቴል። በሶፋው ክንድ ላይ፣ በቴሌቪዥኑ ላይ፣ በቡና ረከቦቱ ሥር ስናየው ያደግነው ነው። ፈረንሳዮች ስሙን ያወጡት ከጥርስ ነው፤ ጠርዙ እንደ ትናንሽ ጥርሶች ስለሚደረደር። በዕብራይስጥ «ማስሬጋ» የምትባለውን ኪሮሽ ይዛ የተቀመጠች ሴት ወይዘሮም ሆነች ተማሪ፣ «ዳንቴል» ሲባል እጇ ወዲያው ይገባዋል።

ይህን ሁሉ የምለው ለአንድ የክር ሥራ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 የእስራኤል ምክር ቤት ክነሴት የቤተ እስራኤልን የስግድ በዓል በሕግ ብሔራዊ በዓል ሲያደርግ፣ ስሙን አልተረጎመም። «ሰገደ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣው ስም እንዳለ በዕብራይስጥ ሕግ መጽሐፍ ውስጥ ገብቷል። ሽማግሌዎቻችን ቃሉን ከጎንደር ተራሮች ይዘውት መጡ፤ ሳይለውጡት ስለተናገሩት አገሩ ተቀበለው። እንዲህ ያለ አቅም ያለው ቋንቋ በግድግዳ ማስታወቂያ ላይ ተሰባብሮ ሲታይ ያሳምማል።

ማስታወቂያ የምትጽፉ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከመለጠፋችሁ በፊት አንዲት እናት ፊት ጮክ ብላችሁ አንብቡት። የሚቀጥለውንም እንዲህ ብላችሁ ጻፉልን፦ «ባለ ዳንቴል የአንገት ሹራብ እናስተምራለን።»