የኤቨርግሌድስ ረግረግና ጠባቂዎቹ

ረግረግ መሬት በብዙ አገር የወባ መኖሪያ፣ ለእርሻም የማይሆን ከንቱ ስፍራ ሆኖ ሲቈጠር ኖሯል። ይህ አስተያየት ምን ያህል ዋጋ እንዳስከፈለ ለማስረዳት በአሜሪካ የሚገኘውን የኤቨርግሌድስን ታሪክ ባጭሩ እናቀርባለን፤ ዘመኑንም የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ኤቨርግሌድስ በፍሎሪዳ ደቡብ ጫፍ ከባሕር የሚዋሰን ሰፊ ረግረግ ነው። ከኦኪቾቢ ሐይቅ የሚተርፈው ውሃ፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ በሚቈርጥ ሣር መካከል በዝግታ እየፈሰሰ፣ የማንግሮቩን ደን ዘልቆ ከባሕር ይገባል። የወንዙና የባሕሩ ውሃ በሚቀላቀሉበት በዚያ ስፍራ አዞና ዘመዱ አሊጌተር አብረው ይኖራሉ።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የሴቶችን ባርኔጣ በነጭ ሳቢሳ ላባ ማስጌጥ ልማድ ሆነ፤ ላባውም በሚዛን ከወርቅ የበለጠ ዋጋ አወጣ። ያማረው ላባ የሚበቅለው በመራቢያ ወራት ስለ ሆነ፣ አዳኞች ወላጆቹን ከጎጇቸው ላይ ሲገድሉ ጫጩቶቹ በረኀብ ያልቁ ነበር። በ1902 ዓ.ም. ጋይ ብራድሌይ የተባለ፣ በወጣትነቱ ራሱ ላባ አዳኝ የነበረ ሰው፣ የወፎቹ ጠባቂ ሆኖ ተቀጠረ። በ1905 ዓ.ም. ጁላይ 8 ቀን በፍላሚንጎ መንደር አጠገብ አዳኞችን ሊይዝ ሲሄድ በጥይት ተገደለ፤ ገዳዩም ክስ ሳይመሠረትበት ተለቀቀ። ሕጉ ነበረ፤ ሕጉን የሚያጸና ፍርድ ግን ታጣ። በ1910 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ግዛት የላባውን ንግድ ሲከለክል ግን ዋናው ገበያ ተዘጋ፤ አደኑም እየቀነሰ ሄደ።

ሁለተኛው አደጋ የመጣው በልማት ስም ነው። ረግረጉን አድርቆ ለማረስ ቦዮች ተቈፈሩ። በ1928 ዓ.ም. ግን ዐውሎ ነፋስ ሐይቁን ከግድቡ አስወጥቶ ከ2,500 የማያንስ ሰው ፈጀ። በ1947 ዓ.ም. ዲሴምበር 6 ቀን ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን ብሔራዊ ፓርኩን መርቀው ከፈቱ። ይሁን እንጂ የውሃው ምንጭ ከፓርኩ ድንበር ውጭ ነበረና፣ በ1948 ዓ.ም. የተፈቀደው የግድብና የቦይ ሥራ ውሃውን ወደ ሌላ ስለ መለሰው ወፎቹ እጅግ ተመናመኑ። በ2000 ዓ.ም. የውሃውን መንገድ የሚመልስ ሕግ ወጣ፤ ሥራው ግን ዛሬም አልተፈጸመም።

አሁን ጎብኚዎች ብራድሌይ በኖረባት በፍላሚንጎ ድንኳን ተክለው ያድራሉ፤ ማለዳም ሳቢሳዎቹ ዓሣ ሲያጠምዱ ይመለከታሉ። ከዚህ ታሪክ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። ሕግ ያለ ጠባቂና ያለ ፈራጅ ወረቀት ብቻ ነው፤ ምንጩ ያልተጠበቀ ውሃም ድንበሩ ቢታጠር አይድንም።