ብርቱካኑን ያሻገተው ሾፌሩ አልነበረም

ወዳጆቼ፣ ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። ከአዋሽ አካባቢ ያስጫነው ብርቱካን አዲስ አበባ ሲራገፍ ብዙው ሻግቶ ተገኘ። ሾፌሩ መንገድ ላይ አድሮ ነበርና ኪሳራውን ከኪራዩ ላይ ልቁረጥ ወይ ብሎ ይጠይቀኛል። መልሱን እዚህ የምጽፈው ለሌሎቻችሁም ይጠቅማል ብዬ ነው። ደግሞ የእኔም የቆየ ዕዳ አለበት።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። የገጠር መሬት በየካቲት 1967 ዓ.ም. ከታወጀ በኋላ በአዋሽ ሸለቆ የነበሩት ትልልቅ የግል እርሻዎች የመንግሥት ሆነዋል። እኔም ትምህርቴን እንደጨረስኩ ከእነዚህ በአንዱ ተመደብኩ። አንድ ቀን ወደ አዲስ አበባ የሄደ ጭነት ተበላሽቶ ደረሰ። መኪናው ጎማ ፈንድቶበት አንድ ሌሊት ቆሞ ነበር። ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ባለሙያ ተብዬ እኔም ገባሁበት። «በሙቀት ውስጥ ከመጠን በላይ በመቆየቱ» የሚል ቃለ ጉባኤ ፈረምን። ሾፌሩ ከደመወዙ ወር በወር እየተቆረጠ ከፈለ።

በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። ከቢሮ ስወጣ ያዝ አድርገው «ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ሻጋታ በአንድ ሌሊት ይበቅላል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ብርቱካኑ ከመጫኑ በፊት መኪና ሲጠብቅ አራት ቀን መጋዘን ውስጥ መቀመጡን ግን አውቅ ነበር። ቃለ ጉባኤው ላይ አልተጻፈም።

መልሱን ያገኘሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ለማስተማሪያ የሚሆን ነገር ስፈልግ ነው። ከ1900 እ.ኤ.አ. በኋላ ባሉት ዓመታት የካሊፎርኒያ ብርቱካን አምራቾች ልክ እንደኛ ያለቅሱ ነበር። ፍሬያቸው በበረዶ በሚቀዘቅዙ የባቡር ፉርጎዎች ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ኒውዮርክ ሲደርስ በስብሶ ይገኛል። አምራቹ ባቡሩን ይከሳል፦ ዘገየ፣ በረዶውን በሰዓቱ አልሞላም። ከ1904 ጀምሮ ሃሮልድ ፓወል የሚባል የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ባለሙያ ጉዳዩን ሊመረምር ወደዚያ ሄደ።

ሰውየው ምርመራውን ከባቡሩ አልጀመረም። ወደ ዛፉ ሄደ። ከለቃሚዎች ሳጥን ፍሬ እያነሳ መቁሰል አለመቁሰሉን ይቆጥር ጀመር። የመቀስ ጫፍ የወጋው፣ ጭራው ረዝሞ ስለቀረ ጎረቤቱን የበሳው፣ ጥፍር የጫረው፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለ አሸዋ የፋቀው... ከዚያ በጥንቃቄ የተለቀመውንና እንደልማዱ የተለቀመውን ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ጎን ለጎን ጭኖ አነጻጸረ። በጥንቃቄ የተያዘው ያንኑ መንገድ ተጉዞ በብዛት ደህና ደረሰ። ውጤቱ በ1908 ታትሞ ወጣ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ብርቱካንን የሚያሻግቱት አረንጓዴውና ሰማያዊው ሻጋታ ደህና ልጣጭ ሰብረው አይገቡም፤ ቁስል ይፈልጋሉ። ቁስሉ ላይ ያረፈው ብናኝ በሞቃት አየር እንኳ ፍሬውን ለማለስለስ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጅበታል፤ አረንጓዴ ዱቄቱ የሚታየው ከዚያም በኋላ ነው። ስለዚህ ሲራገፍ ያያችሁት ሻጋታ የዛሬ ሳይሆን የለቀማው ዕለት ሥራ ነው። ሽማግሌው ሾፌር ያለ ማይክሮስኮፕ ደርሰውበት ነበር።

የኛን እርሻ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ለቃሚው ኖርማ ነበረው፤ ኖርማውን ካልሞላ ደመወዙ ይጎድላል። ታዲያ መቀስ ማን ይጠቀማል? ጠምዝዞ መንጨት ይፈጥናል፤ ሲነጭ ግን ከጭራው ጋር ልጣጩም ይላጣል። ጸሐይ ሳትበረታ ለመጨረስ ጤዛው ሳይረግፍ ይጀመራል፤ ያን ሰዓት ልጣጩ ውኃ ጠጥቶ የተወጠረ ስለሆነ ትንሽ ሲጫኑት የዘይት ከረጢቶቹ ይፈነዳሉ። ሣጥኑ ሲሞላ ደግሞ ክምር ላይ ይገለበጣል፤ ፍሬው እየተወረወረ ይቆጠራል። (ጥምቀት ላይ የሚወረወረው ሎሚ ሌላ ነው፤ እሱ ቢቆስልም ዓላማው ተሳክቷል።)

መንገድና ሙቀት ምንም አያደርጉም እያልኩ አይደለም። ሙቀት ሻጋታውን ያፈጥናል፣ ፍሬውንም ያጠወልጋል። ኮረኮንች መንገድ ከታች ያለውን ይጨፈልቃል፤ በተለይ ዛሬ እንደሚደረገው እስከ አፉ በአይሱዙ ላይ ያለ ሳጥን ከተዘረገፈ። ግን ቅዝቃዜ የቆሰለውን ብርቱካን አያድነውም፤ ቀን ያራዝምለታል እንጂ። ለዓመታት ክፍል ውስጥ «ችግራችን የማቀዝቀዣ መኪና እጥረት ነው» ብዬ ያስተማርኳችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ይህን ስታነቡ ጥፋቱን ከሾፌሩ አንስታችሁ ለቃሚው ላይ እንዳትጭኑት። ፓወል ይሄ ገብቶት ነበር። በሣጥን ቁጥር የሚከፈለው ሰው መቸኮሉ አይቀርም፤ ስለዚህ የቀን ክፍያ ይሻላል ተባለ። የአምራቾቹ ማኅበራትም ለቀማውን በራሳቸው ቡድን ያሠሩ ጀመር፤ ጫፉ የደነዘ መቀስ መጣ፣ ጓንት ለበሱ። እሱ ራሱ በ1912 የካሊፎርኒያ አምራቾች ኅብረት ሥራ አስኪያጅ ሆነ፤ ሰንኪስት የሚባለውን ብርቱካን የሚሸጠው ያው ኅብረት ነው። እኛ ጋ ግን ኖርማውን ያወጣው ሰው ቃለ ጉባኤው ላይ ስሙ አልተነሳም። ከኮሚቴው አባላት አንዱ ነበር።

እንግዲህ አንተ ልጅ፣ በሚቀጥለው ለቀማ ይህን አድርግ። መቶ ፍሬ ራስህ፣ በመቀስ፣ ጤዛው ከረገፈ በኋላ ቁረጥ። መቶ ፍሬ ደግሞ ከሠራተኞቹ ሳጥን ውሰድ። ሁለቱንም እርሻው ላይ ጥላ ውስጥ አስቀምጥ፤ መኪና ላይ አይውጡ። በዐሥረኛው ቀን ከየመቶው ስንት እንደሻገተ ቁጠርና ጻፍልኝ። እስከዚያው የሾፌሩን ኪራይ ሳትቆርጥ ክፈለው።