ዶክተሩ ያልደረሰበት ከተማ

ጆበርግ፣ ጄፒ ላይ ቴሌቪዥን እጠግናለሁ። መንገዱ ዛሬ በይፋ ራሂማ ሙሳ ይባላል፤ እኛ ሐበሾች ግን ጄፒ ነው የምንለው። አዲስ የሚመጡ ልጆች ፎቁን ሲያዩ ጆበርግን የሥልጣኔ መጀመሪያ ያደርጓታል። ይህን ስሰማ ዝም ማለት አልችልም። በቴሌቪዥን አዲስ አበባ ከአሥራ አንድ ዓመት በላይ ትቀድማታለች። የእኛው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 1964 በጃንሆይ የዘውድ በዓል ዕለት ሲጀምር፣ የወርቅ አገሯ መደበኛ ሥርጭቷን የከፈተችው ጃንዋሪ 5 ቀን 1976 ነው።

ገንዘብ ጠፍቶ አይደለም። የፖስታና ቴሌግራፍ ሚኒስትሩ አልበርት ሄርትዞግ ቴሌቪዥንን የሰይጣን ሳጥን አድርገው ይቆጥሩት ነበር። የእንግሊዝኛ ፕሮግራም አፍሪካንስን ይውጠዋል፣ ነጭና ጥቁር በአንድ መስኮት መታየቱም ሥርዓቱን ያናጋል ብለው ፈሩ። በ1969 ሰው ጨረቃን ሲረግጥ ሌላው ዓለም በቀጥታ እያየ፣ ጆበርግ ሬዲዮዋን ከብባ ቀረች። ሰውየው በ1968 ከሥልጣን ተነሥተው ነበር፤ መንግሥት ግን እስከ 1971 አልፈቀደም። ከሁሉ የሚያስቀኝ ብሪክስተን ላይ የቆመው 237 ሜትር ማማ ነው። በ1962 ለኤፍ ኤም ሬዲዮ ሲሠራ ስሙ አልበርት ሄርትዞግ ማማ ነበር። ኋላ ያንኑ የሰይጣን ሳጥን ለከተማው ያሰራጨው እርሱ ነው!

ጆበርግ ቴሌቪዥንን በከለከለችበት በዚያው ዘመን የእንግሊዙ ቢቢሲ ኖቬምበር 23 ቀን 1963 «ዶክተር ሁ»ን ጀምሯል፤ በሰማያዊ የፖሊስ ሳጥን ከዘመን ዘመን የሚዞር መንገደኛ ታሪክ ነው። በ1966 ዋናው ተዋናይ ዊልያም ሃርትኔል ሲታመም፣ ዶክተሩ ሊሞት ሲል መልኩን ለውጦ በሌላ ሰው ይቀጥላል የሚል ዘዴ ፈጠሩ። ብልሃት ማለት ይህ ነው፤ ተከታታዩ እስከ 1989 ዘለቀ።

ጆበርግ ግን መጀመሪያ መቀበያው አልነበራትም። መቀበያው ሲመጣ፣ የእንግሊዝ ተዋንያን ማኅበር ኢክዊቲ አፓርታይድን ተቃውሞ የአባላቱ ሥራ ለደቡብ አፍሪካ ቴሌቪዥን እንዳይሸጥ አገደ። ጣቢያው ፊቱን ወደ አሜሪካና ወደ ጀርመን አዞረ፤ ባለ ብረት አካሉ የአሜሪካ ተከታታይ ጀግና ስቲቭ ኦስቲን በአፍሪካንስ ይናገር ጀመር። በ1982ም «ኢንተርስተር» የተባለ የጠፈር ተከታታይ በአሻንጉሊት ሠሩ።

የጥንቱን ጥቁርና ነጭ ዶክተር ከገዙት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። እነዚያ የፊልም ጥቅሎች ዛሬ እንደ ታቦት የሚፈለጉ ናቸው፤ ቢቢሲ የራሱን ቴፕ ለሌላ ሥራ እያጠፋ ስለተጠቀመበት የጠፋው ክፍል ቢገኝ የሚገኘው ባሕር ማዶ ነው። በ2013 ይፋ የተደረጉት ዘጠኝ የጠፉ ክፍሎች የተገኙት ናይጄሪያ፣ ጆስ ከተማ ባለ ጣቢያ ነው። ኦክላንድ ፓርክ ባለው የጆበርግ ጣቢያ ግን ያልተገዛ ፊልም ማን ይፈልጋል?

በ2005 ራስል ቲ. ዴቪስ ተከታታዩን ሲያስነሣ እንግሊዞች ተመለሰልን አሉ። የድሮውን አልሰረዘም፤ ክሪስቶፈር ኤክልስተንን ቆዳ ጃኬት አልብሶ ካቆመበት ቀጠለ። እዚህ አገር ግን ለአብዛኛው ተመልካች መጀመሪያው ያ ነበር፤ ስለዚህ የድሮው ይሻል ነበር ብሎ የሚሟገተኝ ደንበኛ የለኝም። ከ2023 እስከ 2025 ዶክተሩን የተጫወተው ንኩቲ ጋትዋ ሩዋንዳ ተወልዶ በሕፃንነቱ ከዘር ፍጅቱ የተሰደደ ልጅ ነው። ይህን ስነግራቸው የጄፒ ልጆች ጆሯቸውን ያቆማሉ።

እነርሱን የሚገርማቸው ግን ሌላ ነው። የ2005ቱ ዶክተር ኪሱ ውስጥ ባዶ ወረቀት ይዟል፤ ለዘበኛም ለሹምም ሲያሳየው፣ ማሳየት የፈለገው መታወቂያ ሆኖ ይታያል። ሰማያዊው ሳጥን ቀርቶባቸው፣ ያ ወረቀት የት እንደሚሸጥ ይጠይቁኛል።